የቀኝ ፍሬን መብራት፤ ከግንቦት 2 እስከ ግንቦት 17

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ባለፈው ረቡዕ አመሻሽ ላይ ከሐረር ስመለስ ነው ነገሩን ያወቅኩት። ደንገጎን ቁልቁል እየወረድኩ ሳለ ከኋላዬ የነበረ አይሱዙ ባውዛውን ደጋግሞ አበራብኝ። የቸኮለ መስሎኝ ዳር ያዝኩለት። አላለፈም። ከጎኔ ሲደርስ ቀዝቀዝ አለና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ “አቦ! ፍሬን ስትይዝ መብራትህ ይጠፋል እኮ! ልገባብህ ነበር!” ብሎኝ ሄደ። ከዚያ እስከ ድሬ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ላለመንካት እየተጠነቀቅኩ ወረድኩ። የፍሬን መብራትን ባለቤቱ አያየውም። መሪ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያውቀው ከኋላው ያለው ሲነግረው ነው። ስንት ቀን እንዲህ ስነዳ እንደከረምኩ ሳስብ አሁንም ይከብደኛል።

መኪናዋ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ናት፤ እንደ ፈረንጆቹ የ1968 ሥሪት፣ አባቴ ትቶልኝ ያለፈ። ሞተሯ 1438 ሲሲ ነው፣ የፊያት መሐንዲስ ላምፕሬዲ የነደፈው ባለ ሁለት ካምሻፍት። አራቱም እግር ላይ ዲስክ ፍሬን አላት፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ፍሬን ያለው መኪና ብዙ አልነበረም። የኋላ መብራቷን ደግሞ ላምቦርጊኒ ኤስፓዳ ለተባለው መኪናው ወስዶ ተጠቅሞበታል። እንዲህ ጥሩ የምትቆም መኪና መቆሟን ለኋለኛው ካልነገረች ግን ፍሬኗ ራሱ አደጋ ይሆናል።

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳይጠነክር፣ ከዚራ ግቢያችን ውስጥ የእህቴን ልጅ መሪው ላይ አስቀምጬ ከኋላ ቆምኩ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ፔዳሉ እንዲደርስላት ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደፊት ሳብኩላት። ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ደብተር ላይ ጻፍኩ።

ፓርክ መብራት (ማታ የሚበራው ደካማው የኋላ መብራት) ጠፍቶ ፍሬን ስትይዝ ግራው ይበራል፣ ቀኙ እንደ ከሰል ፍም ጭልም ይላል። ፓርክ መብራት በርቶ ሳለ ግራና ቀኙ እኩል ይመስላሉ ማለት ይቻላል፤ ቀኙ ትንሽ ደከም ይላል እንጂ ለሚያልፍ ሰው አያስታውቅም። በዚያው ላይ ፍሬን ስትይዝ ግን ቀኙ በመድመቅ ፈንታ ይጠፋል። የቀኝ ፍሬቻ ሲበራ ደግሞ ፓርኩ አብሮ ይርገበገባል፤ ፍሬቻው ቦግ ሲል ፓርኩ ዝቅ ይላል።

አንዴ ደግሞ ፔዳሉን ረግጣ ሳለ ሁለቱም ምንም አላበሩም። ፔዳሉን ለቃ እንደገና ስትረግጥ በሩ። ይኼኛው ከቀኙ ችግር የተለየ እንደሆነ ጠረጠርኩ። ሁለቱም አብረው የሚጠፉት የጋራቸው በሆነ ቦታ ነው፤ ማለትም ፊውዝ፣ የፔዳሉ ስዊች፣ ወይም ከስዊቹ ወደኋላ የሚሄደው ሽቦ።

ግንቦት 3፣ እሑድ

የፊውዝ ሳጥኑ ከክሩስኮቱ ሥር ነው። ፊውዞቹ የድሮዎቹ የጣሊያን ፊውዞች ናቸው፤ ጥይት የሚመስሉ፣ መሐላቸው ፕላስቲክ፣ በላያቸው ላይ ቀጭን ብረት የተዘረጋባቸው። ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 ነው። የፍሬን መብራቱን ፊውዝ ስነቅል ነጭም ቀይም አልነበረም። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሏል።

አባቴ እንዲህ እንደማያደርግ አውቃለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት “ስቶፑ (የፍሬን መብራቱ) አይሠራም” ብዬ አንድ ጋራዥ አስገብቻት ነበር። በማግስቱ “ተስተካክሏል” ተብዬ ከፍዬ ወሰድኩ። የተደረገው ይኸው ነው። 8 አምፔር ሲያልፍ ቀልጦ መኪናዋን ማዳን የነበረበት ነገር በማይቀልጥ ነገር ተተክቷል። ከዚያ ወዲህ በዚያ መስመር ላይ ሾርት ቢፈጠር፣ ማለትም ሽቦው ተልጦ የመኪናዋን ብረት ቢነካ፣ የሚቀልጠው ሽቦው ነው፤ ሽቦው ደግሞ የሚያልፈው ከምንጣፍ ሥር ነው።

ወረቀቱን ጥዬ ነጭ የ8 አምፔር ፊውዝ አስገባሁ። ልጅቷ ረገጠች፤ ግራው በራ፣ ቀኙ እንደወትሮው ጭል ጭል። ፊውዙ ደህና ነው። እሷን አውርጄ ራሴ ገብቼ ወንበሩን አስተካክዬ ረገጥኩ። ጭጭ። ፊውዙ ተቃጥሏል። ሌላ አስገባሁ፤ እሷ ስትረግጥ ይሠራል፣ እኔ ስረግጥ ይቃጠላል። በሦስተኛውም ያው። እኔ ጠንክሬ ስለምረግጥ ነው ብዬ ስዊቹን ፈትቼ አየሁ፤ ምንም የሚነካ ነገር የለም። 4 ሰዓት ሲሆን ብረቱ እጅ ማስነካት ስላቆመ ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል፣ ሰፈራችን ወዳሉት ሽማግሌ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ወርክሾፕ የፈጁ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። በረንዳቸው ላይ ሻይ እየጠጡ ሰሙኝ።

“ስንት ፊውዝ አቃጠልክ?”

“ሦስት፣ ጋሼ።”

“በል አራተኛውን አታቃጥል። በፊውዙ ቦታ አምፖል አግባበት። 21 ዋት፣ በሁለት ሽቦ። የኋላዎቹን አምፖሎች ሁለቱንም ንቀላቸው። ከዚያ አስረግጥ። የኋላዎቹ ተነቅለው ሳለ ይህቺ ከበራች ሾርት አለ። ሾርቱ ሲለቅ ትጠፋለች። ፊውዝ አንዴ ተቃጥሎ ዝም ይላል፤ አምፖሏ ግን እስክታገኘው ድረስ እየበራች ትነግርሃለች።”

ስነሳ ደግሞ፣ “ቴስተር አለህ?” አሉኝ፤ ቮልት መለኪያውን ማለታቸው ነው። የለኝም አልኩ። “እንግዲህ በዓይንህ ብቻ ነው ስትሠራ የከረምከው” ብለው ዝም አሉ።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ከሥራ ስወጣ ታይዋን ገበያ ገብቼ ቴስተር ገዛሁ። አራት ሜትር ሽቦ፣ ነጭ ፊውዞች፣ ናስትሮና ባለ ጥርስ ሮንዴላም ይዣለሁ። ባለ ሱቁ ኤልኢዲ አምፖል ሊሸጥልኝ ሞክሮ ነበር። ኤልኢዲ በፍጥነት መብራቱ እውነት ነው። የክር አምፖል ሙሉ ብርሃኑ ላይ እስኪደርስ 0.2 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ይህ ከ3 ሜትር በላይ ነው። ግን መስመሩ ሳይድን አምፖል መለወጥ በሽታውን መሸፈን ነው። አልገዛሁም።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል። ጋሼ እንዳሉት የኋላ አምፖሎቹን ነቀልኩ፣ በፊውዙ ቦታ 21 ዋቷን አምፖል በሁለት ሽቦ አሰርኩ። ልጅቷ ረገጠች፤ አምፖሏ ጨለማ። “ድገሚው።” ጨለማ። እኔ ገብቼ ረገጥኩ፤ አምፖሏ ጉልበቴ አጠገብ ቦግ አለች።

እግሬን ፔዳሉ ላይ እንደያዝኩ ቆይቼ አሰብኩ። በእኔና በእሷ መሐል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ያኔ ልጅቷ በበሩ በኩል አንገቷን አስገብታ፣ “አጎቴ፣ ወንበሩን ስለምትገፋው ይሆን?” አለች።

ፔዳሉን ሳልለቅ ወንበሩን ቀስ እያልኩ ወደፊት ሳብኩት። ሦስተኛው ጥርስ ላይ ሲደርስ አምፖሏ ጠፋች። ወደኋላ ስገፋው በራች። ደጋግሜ አደረግኩት። እግሬ ረጅም ስለሆነ ሁልጊዜ ወንበሩን እስከ መጨረሻው እገፋለሁ፤ እሷ ስትቀመጥ ደግሞ እኔው ወደፊት እስብላታለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ዓይኔ ሥር የነበረ ነገር ነው፤ ያየችው እሷ ናት።

ወንበሩን በአራት ብሎን ፈትቼ አወጣሁና ምንጣፉን ገለጥኩ። ያ ጋራዥ ከስዊቹ እስከ ኋላ ኮፈን ድረስ አዲስ ሽቦ ጎትቷል። የስፒከር ሽቦ የሚመስል ቀጭን ሽቦ ነው፤ በጎን በኩል ባለው በመኪናዋ ሽቦ መሄጃ ሳይሆን በአቋራጭ፣ ከወንበሩ ሐዲድ ሥር አልፏል። ሐዲዱ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ፕላስቲኩ ተበልቶ መዳቡ ያብረቀርቃል። ከዚያ ወደኋላ አንድ ስንዝር ያህል ፕላስቲኩ ቀልጦ ደርቋል፤ ስነካው እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰበረ። የምንጣፉ ሥር በዚያ ልክ ቡናማ ሆኗል፤ አፍንጫዬን ሳስጠጋ የተቃጠለ ጨርቅ ይሸታል።

ያቺን የተቃጠለች ስንዝር ቆርጬ ደብተሬ ውስጥ ለጥፌያታለሁ። ወንበሩን ወደኋላ በገፋሁ ቁጥር፣ ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር፣ እዚያች ቦታ ላይ ይግል ነበር፤ ፊውዙ ደግሞ በሲጋራ ወረቀት ታፍኗል። ከላዩ ምንጣፍ፣ ከኋላው ቤንዚን። ልጅቷን በዚህች መኪና ስንቴ ትምህርት ቤት አድርሻታለሁ። ለዛሬ በቃኝ ብዬ እዚህ ላይ አቆምኩ።

ግንቦት 10፣ እሑድ

የተጎተተውን ሽቦ ሙሉ በሙሉ አወጣሁ። በመጀመሪያ ለምን ሌላ ሽቦ መጎተት እንዳስፈለገም ገባኝ። የፋብሪካው ሽቦ ከበሩ ሥር የሚያልፍበት ላይ ማገናኛው አረንጓዴ ዝገት በልቶት ተበጥሷል። ማገናኛውን መቀየር የሃያ ደቂቃ ሥራ ነበር። የድሬ ሙቀት የሃምሳ ዓመት ፕላስቲክን ብስኩት ስላደረገው ግን እኔም የድሮውን አልቀጠልኩትም። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ በፋብሪካው መንገድ፣ በጎን በኩል፣ ብረት በሚያልፍበት ሁሉ ላስቲክ እያለበስኩ ወሰድኩ። የያዝኩት አራት ሜትር አልበቃም፤ አምስት ሜትር ነው የወሰደው።

የሽቦ ውፍረት ጉዳይ ቀላል አይምሰላችሁ። ሁለቱ የፍሬን አምፖሎች በ12 ቮልት 3.5 አምፔር ያህል ይስባሉ። ግማሽ ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ ሽቦ አምስት ሜትር ሲሄድ 0.6 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ1.5 ሽቦ 0.2 ብቻ። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የክር አምፖል ብርሃን ከቮልቱ በላይ ነው የሚወርደው። ቮልቱ 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

ከዚያ የፊውዙ መያዣ። ፍሬን እንደተያዘ ቴስተሩን ከፊውዙ ግራና ቀኝ፣ ማቀፊያዎቹ ላይ አደረግኩ፤ 1.1 ቮልት። ጥሩ ፊውዝ ባለበት ይህን ያህል ሊጠፋ አይገባም። ሁለቱም መብራቶች ድንገት የሚጠፉበት ምክንያት ይህ ነው፤ ማቀፊያው ለዝቷል፣ ጫፉ ጠቁሯል፣ ፊውዙን በጣት ስታዞሩት መብራቱ ይርገበገባል። የባትሪውን ገመድ ፈትቼ ማቀፊያዎቹን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳኋቸው፣ በፒንሳ ትንሽ ጠበብ አደረግኳቸው። እንደገና ለካሁ፤ 0.1።

ግራው መብራት ዛሬ ማታ ከምን ጊዜውም በላይ ደምቋል። ቀኙ ግን ያው ፍም ነው።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ዛሬ የቀኙ ቀን ነው። በእነዚህ ሦስት ዓመታት የቀኙን አምፖል ሦስት ጊዜ አስቀይሬያለሁ። ሁልጊዜ ሰውዬው አምፖሉን ይነቅላል፣ ቴስተር ይሰካል፣ “ይኸው 12 እየመጣ ነው፤ አምፖሉ ነው” ይላል። እኔም ዛሬ እንዲሁ ሞከርኩ። አምፖሉ ተነቅሎ፣ ፍሬን ተይዞ፣ 12.4። ፍጹም ጤነኛ። አምፖሉን መልሼ ከተሰካበት ሳልነቅል፣ እየበራ ሳለ ለካሁ፤ 5.7።

ሦስቱም ሰዎች የሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ያየሁትን አምኜ ከፍዬ ሄጃለሁ። ቴስተር የሚስበው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። መንገዱ የቱንም ያህል ቢዘጋ፣ በቀጭን ቀዳዳም ቢሆን ግፊቱ ይደርሰዋልና 12 ያሳያል። አምፖሉ ግን ብዙ ይፈልጋል፤ ሲጎትት መንገዱ አልበቃ ይለዋል። ስለዚህ መለካት ያለበት አምፖሉ ተሰክቶ፣ ሥራ ላይ እያለ ነው።

ባትሪው 12.5 ነው። አምፖሉ 5.7 ካገኘ ቀሪው 6.8 የት ገባ? በፖዘቲቭ በኩል ፈለግኩ፤ ከፊውዙ 0.1፣ ከስዊቹ 0.4፣ ከአዲሱ ሽቦ 0.2። ድምሩ 0.7። 6.1 ይቀራል። የቀረው ማሳው ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሥራውን ጨርሶ በመኪናዋ አካል በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ።

የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ በረጅም ሽቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር አሰርኩ። ቀዩን በአምፖሉ መያዣ ብረት ላይ አስነካሁ። ልጅቷ ረገጠች። ባዶ፣ ቢበዛ 0.1 መሆን በነበረበት ቦታ ላይ ቁጥሩ 6.1 ብሎ ቆመ። ከመያዣው አንድ ጣት ራቅ ብዬ ቀለሙን ጫር አድርጌ ራሱ አካሉ ላይ ነካሁ፤ 0.02። እንግዲህ ስድስቱ ቮልት የጠፋው በአንዲት ጣት ርቀት ላይ ነው።

ግንቦት 2 ያየነው ነገር ሁሉ በዚህ ይገለጣል። ፓርኩ 5 ዋት ስለሆነ የሚስበው ጥቂት ነው፤ በተዘጋው መንገድም ቢሆን ይበራል። የፍሬኑ 21 ዋት ሲጨመር ግን ሁለቱም በዚያችው ጠባብ በር ሊወጡ ይጋፋሉ፤ ፓርኩም አብሮ ይደክማል። ፍሬቻው ሲርገበገብ ፓርኩ ዝቅ ከፍ የሚለውም ማሳቸው አንድ ስለሆነ ነው። አይሱዙው “ይጠፋል” ያለው በትክክል ይህንኑ ነው።

መብራቱን በሙሉ አወለቅኩት። ከመያዣው የምትወጣ ጥቁር ሽቦ በአንዲት ትንሽ ብሎን ከአካሉ ጋር ታስራለች። ብሎኗ በቀለም ተሸፍናለች። ካቻቢቴው ቀለሙን ሰብሮ ሲያዞራት ከሥሯ ደቃቅ፣ ቀላ ያለ አሸዋ ፈሰሰ።

አሸዋውን አውቀዋለሁ። በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ሌሊት መኪናዋ ወንዙ አቅራቢያ ዘመድ ግቢ ቆማ ነበር። ያ ሌሊት ብዙ ሰው ወስዷል፤ ከእኛ ሰው ባይጎድልም አባቴ ስለዚያ ማታ ብዙ ማውራት አይወድም ነበር። ጭቃው የኋላ ኮፈኑን ሞልቶት እንደነበርና ለቀናት በባልዲ ሲያወጣ እንደሰነበተ አስታውሳለሁ። በኋላ ቀለም አስቀባት። ቀቢው መብራቱን ሳያወልቅ፣ ብሎኗን ሳይፈታ፣ በአሸዋውና በእርጥበቱ ላይ ቀባበት። ዝገቱ ከዚያ ወዲህ ከቀለሙ ሥር ሲበላ ኖሯል።

አሸዋውን ጣቴ ላይ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ቦታውን ብረቱ ነጭ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ፤ የሽቦዋን ጫፍ ቆርጬ በአዲስ ቀየርኩ፤ ጥርስ ያለውን ሮንዴላ ከሥር አድርጌ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ፤ እርጥበት እንዳይገባ ላዩን ቫዝሊን ቀባሁ። ቫዝሊኑ ከታሰረ በኋላ ነው የሚቀባው።

“ርገጪ!”

ከኋላዬ ያለው የግቢው ግድግዳ ቀላ። ማሳው 0.04 አለ።

ስዊቹ ቀርቶኝ ነበር። 0.4 የጠፋው ውስጡ ያለው መንኪያ ስለጠቆረ ነው፤ አጽድቼው 0.1 ሆነ። ሲበራም ዘግይቶ ነበር፤ ፔዳሉ ሁለት ጣት ያህል ካልወረደ አይነካም። ደንገጎ ላይ ደግሞ ሰው ፍሬኑን ዳበስ ነው የሚያደርገው፤ ያኔም መብራቱ መናገር አለበት። በሁለቱ ዳዶዎች ወደፊት አስጠጋሁት፤ አሁን ፔዳሉ እንደተነካ ይበራል፣ ሲለቀቅም ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። የመጨረሻ ልኬት፣ ሞተር ጠፍቶ፣ ባትሪው 12.5፤ ግራ አምፖል 12.0፣ ቀኝ 12.1።

ማታ ለጋሼ ቁጥሮቹን በደብተር አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡና ጣታቸውን 6.1 ላይ አሳርፈው፣ “ይህችን ነው እኮ የማያዩት” አሉ።

ግንቦት 17፣ እሑድ

አመሻሽ ላይ ወደ ደንገጎ ወጣን። እኔ በኩፔዋ ቀደም ብዬ፣ የእህቴ ባል በፒክአፑ ከኋላ፣ ልጅቷ ከእሱ ጋር ስልክ ይዛ። ላይ ደርሰን ዞርንና ሲጨልም ቁልቁል ጀመርን። እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ፍሬኑን ዳበስ አደርጋለሁ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ዳር ይዤ ቆሜ አነሳሁ።

“አጎቴ፣ ሁለቱም እኩል ናቸው። ፓርኩም አይጠፋም። ፍሬቻውን አብራው እስቲ።”

አበራሁት።

“እሱም ለብቻው ነው የሚርገበገበው። አባዬ ‘በጣም ይታያል፣ ዓይን ይወጋል’ እያለ ነው።”

ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደኋላ እንደተገፋ እስከ ድሬ ወረድኩ። ቤት ስንደርስ ፊውዙን አየሁት፤ ነጭ፣ 8 አምፔር፣ ደህና ነው።

የቀረኝ የኋላ መብራቶቹ መስተዋቶች ላስቲክ ነው፤ ሁለቱም ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል፣ ክረምቱ ሳይገባ ከአሮጌ ካላማዳሪ ቆርጬ እሠራላቸዋለሁ። ብሎኖቹን በካቻቢቴ ሳይሆን በጣት ነው የማጠብቃቸው፤ የዚያ ዘመን መስተዋት ከተሰበረ ሌላ አይገኝም።